ጡንቻ በሁዳዴ፣ ቦርጭ በገና

መስከረም ሲጠባ የአዲስ አበባ ጂም ቤቶች ሰርግ ቤት ይመስላሉ። በጳጉሜን «ዘንድሮስ አልቀርም» ብሎ የማለ ሁሉ አዲስ ጫማ አድርጎ፣ አዲስ ፎጣ አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ይመጣል። ብረቱ ዘንድ ቦታ ቢገኝ እንኳ መስተዋቱ ፊት ወረፋ አለ። ኅዳር ሲገባ ሰርገኛው ይበተናል፤ የሚቀሩት የቤቱ ሰዎች ብቻ ናቸው።

የዚህ ወግ ባለቤት ግን ኅዳርን ተሻግሯል። ስሙን መጥራት አያስፈልግም፤ በየመሥሪያ ቤቱ አንድ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። ዕድሜው 36፣ ሥራው ሒሳብ፣ ክብደቱ 68 ኪሎ፣ ክንዱ ከአጭር እጅጌ ሸሚዝ እንደ መጥረጊያ እንጨት ብቅ ያለ ሰው ነው። ምኞቱ ሁለት ነው፦ ክንዱ እጅጌውን ይሙላ፣ ሆዱ ባለበት ይቀመጥ። ሁለቱን አንድ ላይ መመኘት ምን ያህል እንደሚያስቸግር የነገረው ሰው አልነበረም። እንዲያውም በመጀመሪያው ቀን አሠልጣኙ የከብት ተራ ነጋዴ በሬ እንደሚያይ ዙሪያውን ዞሮ አየው፤ ጎኑን በጣቱ ጫን ጫን አደረገና፣

«ወንድሜ፣ ባዶ መሬት ላይ ምን ይገነባል? መጀመሪያ ብሎኬቱ ይምጣ እንጂ!» አለው። «ብላ። ያገኘኸውን ብላ። ኪሎው ይምጣ፣ ጡንቻውን እኛ እናወጣዋለን። ስቡን በኋላ ቀስ ብለን እንቆርጠዋለን።»

ለሐበሻ ልጅ ከዚህ የሚጥም የስፖርት መመሪያ ከየት ይመጣል?

ምክሩ የሰፈሩ አሠልጣኝ ፈጠራ አይደለም። ብረት በሚነሣበት አገር ሁሉ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው። አሜሪካዊው ብሩስ ራንዳል በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. «ብርታት እፈልጋለሁ» ብሎ ሲበላ፣ ወተቱን በሊትር ሲያንቆረቁር፣ ክብደቱን ከ180 ኪሎ በላይ አደረሰው። ከዚያ ሐሳቡን ለወጠና መውረድ ጀመረ፤ ከግማሽ የሚበልጠውን ሰውነቱን አራግፎ ጣለ። የሚስተር ዩኒቨርስን ሽልማት በ1959 እ.ኤ.አ. የወሰደው ያ ሁሉ ከተራገፈ በኋላ ነው። ታሪኩን የሰማ ጎረምሳ ሁሉ ግን የመጀመሪያውን ክፍል ይዞ ይሄዳል፤ ሁለተኛውን «ቀስ እያልን» ይለዋል።

ሒሳብ ሠራተኛው ያን ቀን ሒሳብ ቢሠራ ኖሮ ይጠረጥር ነበር። ጡንቻ ሲታይ ድንጋይ ይመስላል እንጂ ሦስት አራተኛው ውኃ ነው፤ ፕሮቲኑ አንድ አምስተኛ ገደማ ነው። አንድ ጀማሪ ነገሩ ሁሉ ሰምሮለት በወር ግማሽ ኪሎ ጡንቻ ቢጨምር፣ አዲስ የተከማቸው ፕሮቲን 100 ግራም ያህል ነው። በቀን ሲካፈል ሦስት ግራም ከምናምን ይሆናል፤ ግማሽ እንቁላል! የተረፈው ምግብ ታዲያ የት ይገባል? ሰውነት ገበሬ ነው፤ የተረፈውን አይጥልም፣ ለክፉ ቀን ጎተራ ያስገባል። ጎተራው የት እንዳለ ቀበቶ የታጠቀ ሁሉ ያውቃል። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ያህል ይይዛል። ሰው ከሚያስፈልገው በላይ በቀን 500 ካሎሪ ቢያስገባ በወር ሁለት ኪሎ ጎተራ ገባ ማለት ነው። 500 ካሎሪ ስንት ነው ቢባል፣ ሁለት ጠርሙስ ቢራና ክትፎ ላይ የፈሰሰ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ነው። ክትፎው ራሱ ገና አልተቆጠረም።

በላ። ቁርስ እንቁላል ፍርፍር፣ ረፋድ ላይ ሁለት ሳምቡሳ፣ ምሳ ጥብስ፣ መክሰስ ወተትና ዳቦ፣ እራት የምሳው ታናሽ ወንድም። ጾመ ነቢያት ሲገባ ለእናቱ «ታዞልኝ ነው» አላት፤ ያዘዘለት ሐኪም አለመሆኑን ግን አልነገራትም። ጂም ቤቱንም አልበደለም፤ በሳምንት አምስት ቀን ይሄዳል። ሰኞ ደረት፣ ማክሰኞ ክንድ፣ ረቡዕ ደረት፣ ሐሙስ ክንድ፣ ዓርብ ደግሞ ሁለቱንም። ስለ እግር የሚያነሣ የለም። ዓለምን በእግሯ ባሸነፈች አገር፣ ጂም ቤት ያለ ወንድ እግሩን እንደ እንጀራ ልጅ ማየቱ ይገርማል። ከወገብ በላይ በርሜል፣ ከወገብ በታች የዶሮ እግር!

ብዙም ሳይቆይ ሰው ያመሰግነው ጀመር። የእኛ ሰው ሚዛን ፍለጋ አይሄድም፣ ዓይኑ ሚዛን ነው። «ተመችቶሃል!» «ፊትህ እንዴት በርቷል!» «ማናት ይቺ ባለሙያ?» የመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ ሳይቀር ጉንጩን አይተው «ደመወዝ ተጨመረ እንዴ?» አሉት። የሚወፍር ይመሰገናል፣ የሚከሳ ይታዘንለታል። ይህን በሌላ አገር ሰው ፊት ማስረዳት ሊከብድ ይችላል እንጂ ምክንያት አለው፤ የ1977ን ድርቅ በዓይኑ ያየ ትውልድ ውፍረትን እንደ ጤና ምስክር ወረቀት ቢቆጥረው አይፈረድበትም። ችግሩ ምስክር ወረቀቱ የጊዜ ገደብ ያለው መሆኑ ነው።

ገና አክስቱ ቤት ዋለ። አክስት ማለት በዚህ ጉዳይ ዳኛም ሚዛንም ናቸው። ከላይ እስከ ታች ቃኙትና «እሰይ! አሁን ገና ሰው መሰልክ» ብለው ፈረዱ። ጉርሻውም ተከተለ፦ «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን»፣ «የአባትህን ነፍስ ይማር፣ ይቺን ብቻ»። የአባት ነፍስ ከተጠራ በኋላ አፉን የሚዘጋ ሰው የለም።

ማግስቱን ሱሪው እንቢ አለ።

ሰፈሩ ውስጥ በረንዳ ላይ ሲንጀር መኪና ዘርግተው የሚውሉ ልብስ ሰፊ አሉ። የደንበኞቻቸውን ልክ ጠርዙ በዘይት በወዛ ደብተር ይጽፋሉ፤ ደብተሩን የሚከፍቱት ጣታቸውን ልሰው ነው። መስከረም ላይ ያሰፋውን ሱሪና ሸሚዝ ገጽ አወጡ። ሜትሩን ከአንገታቸው አንሥተው በክንዱ ዙሪያ አዞሩት፤ 28 የነበረው 30 ሆኗል። ወደ ወገቡ ወረዱ፤ 80 የነበረው 89። መነጽራቸውን አውልቀው ሸሚዛቸው ጫፍ ላይ ጠረጉና እንደገና ለኩ። 89።

«እጅጌው ይበቃሃል» አሉ ጠመኔያቸውን እየፈለጉ። «ወገቡን እለቅልሃለሁ። ከውስጥ የተረፈችው ጨርቅ ግን ሁለት ጣት ናት። ከዚህ ካለፍክ መጋረጃ ይዘህ ና።»

በአራት ወር ዘጠኝ ኪሎ ጨምሯል። የጂም ቤቱ ሚዛን «ጎበዝ!» ሲለው የከረመው ዘጠኙን በአንድ ስም ስለሚጠራቸው ነው፤ ሚዛን ጡንቻና ስብ አይለይም፣ ድንጋይ ኪሱ ውስጥ ቢከት እንኳ ያመሰግነዋል። የልብስ ሰፊው ሜትር ግን ሁለት ቦታ ስለሚለካ አይሸነገልም። ነገሩ በኖርዌይ ስፖርተኞች ላይም ታይቷል፤ ጥናቱ በ2013 እ.ኤ.አ. ታተመ። ሁሉም ብረት ሠሩ። ግማሾቹ በባለሙያ ምክር ከወትሮው አብልጠው በሉ፣ ግማሾቹ እንዳሻቸው። አብልጠው የበሉት ስባቸው በአማካይ 15 በመቶ ጨመረ፣ የሌሎቹ 3 በመቶ። በጡንቻ ግን ያን ያህል አልተበላለጡም። ሙያተኛ መክሯቸው እንዲህ ከሆነ፣ በሳምቡሳ የሚመራው ምን ሊሆን ኖሯል?

ከዚያ በኋላ ጂም ቤቱን ተወው። አንድም ክፍያው ተወደደ፣ አንድም አሠልጣኙ «አሁን እንቆርጣለን» ብሎ የሰጠው መመሪያ ቲማቲምና ውኃ ብቻ ሆነበት። ወሬውን የሰሙት ግን ግድግዳ የሚጋሯቸው ሽማግሌ ጎረቤት ናቸው። ጋሼ ወደ ሰባ ይጠጋሉ። በወጣትነታቸው መርካቶ እህል በረንዳ ጤፍና ስንዴ ተሸክመዋል፤ ኩንታል ማለት መቶ ኪሎ ነው፣ ከመኪና እስከ መጋዘን «ዞር በል! ዞር በል!» እየተባለ የሚሮጥበት። ዛሬም ክንዳቸው የተገመደ ገመድ ይመስላል፤ ቦርጭ የሚባል ነገር ጎብኝቷቸው አያውቅም።

ጓሯቸው ውስጥ አንድ ብረት አለ። ብረት ከተባለ። ሁለት የዱቄት ወተት ጣሳ በሲሚንቶ ተሞልቶ፣ በመካከላቸው የውኃ ቧንቧ ቁራጭ ገብቶ ደርቋል። የቧንቧው መሐል እጅ ከሚይዘው ብዛት ብር መስሏል። አንደኛው ጣሳ ዝገት በልቶት ሲሚንቶው ራቁቱን ቀርቷል፤ የጣሳው ቅርጽና ክዳኑ የገባበት ጎድጓዳ እንኳ አለበት። የአዲስ አበባ ጎረምሳ ትውልድ በትውልድ ሰውነት ያወጣው በዚህ ነው። ከጣሳው በላይ ግድግዳው ላይ በከሰል የተሰመሩ ሰረዞች አሉ፤ አምስት አምስቱ እንደ እንጨት ሸክም ታስረዋል።

«ትናንት አሥራ ሁለት ጊዜ አነሣህ?» አሉት ጋሼ። «ዛሬ አሥራ ሦስት። አሥራ ሦስት ካልሆነ አትቁጠረው፤ ተጫወትክ ማለት ነው። ሁለት ቀን ሠርተህ አንድ ቀን ተኛ። እግርህንም ሥራ፣ የተሸከመህ እሱ ነው።»

ጋሼ ይህን ሲሉ የሚሎን ታሪክ አልሰሙም። ከ2,500 ዓመት በፊት በደቡብ ኢጣሊያ፣ ግሪኮች በቆረቆሯት በክሮቶን ከተማ የነበረ ታጋይ ነው፤ ኦሊምፒያ ላይ ስድስት ጊዜ አሸንፏል። ሲወራለት እንደኖረው ከሆነ አንድ ጥጃ በየቀኑ እየተሸከመ አደገ፤ ጥጃው ወይፈን ሲሆን ሚሎ ወይፈን ተሸካሚ፣ በሬ ሲሆን በሬ ተሸካሚ ሆነ። በሬ በትከሻው ተሸክሞ ስታዲየሙን ከዞረ በኋላም በአንድ ቀን ብቻውን በልቶ ጨረሰው ይባላል። ስለዚህ ቁርጥ ቤት ለሚያመሹ ወገኖች ጥንታዊ ዘመድ አለ። ተረቱን ወደ ሕክምና ያመጣው ደግሞ አሜሪካዊው የጦር ሐኪም ቶማስ ዴሎርም ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ የቆሰሉ ወታደሮችን ጉልበት ለመመለስ ክብደቱን እየመዘነ፣ ቀስ በቀስ እየጨመረ አሠራቸው፤ ዘዴውን በ1945 እ.ኤ.አ. አሳተመ። የጋሼ የከሰል ሰረዝ የዴሎርም መዝገብ ዘመድ ነው።

«ሲሚንቶ በጣሳ ምን ያደርግልኛል? ጂም ቤት ስድሳ ኪሎ ስገፋ የነበርኩ ሰው!» ያለው ሒሳብ ሠራተኛው ነው። ካናዳ በሚገኘው የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ይህን ጥያቄ ለ49 ብረት የለመዱ ወጣቶች አቅርበውታል። አንዱ ወገን ከባድ ብረት ከ8 እስከ 12 ጊዜ አነሣ፣ ሌላው ቀለል ያለውን ከ20 እስከ 25 ጊዜ፤ ሁለቱም እጃቸው እምቢ እስኪል። ከ12 ሳምንት በኋላ ጡንቻቸው እኩል አድጎ ተገኘ። ጡንቻ የብረቱን የፋብሪካ ስም አያነብም፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ማንሣቶች እጅ እያንቀጠቀጡ ካለፉ ይበቃዋል። «ዕድሜዬ አለፈ» ብሎ ለሚያመልጥም መንገዱ ተዘግቷል። በ1990 እ.ኤ.አ. በወጣ የቦስተን ጥናት፣ ዕድሜያቸው 90 አካባቢ የሆነ የመጦሪያ ቤት አረጋውያን ለስምንት ሳምንት እግራቸውን በክብደት ሠርተው ጉልበታቸው በአማካይ በ174 በመቶ ጨምሯል። ይህ ሲነገራቸው ጋሼ ያሉት፣ «ታዲያ እኔን ሽማግሌ የምትሉኝ ለምንድን ነው?» ነው።

ጭነት ብቻውን ጡንቻ ቢያወጣ ኖሮ ግን የአዲስ አበባ ኃያላን የእንጦጦ እናቶች በሆኑ ነበር። 30 ኪሎና ከዚያ በላይ እንጨት በጀርባቸው አዝለው ቁልቁለቱን ሲወርዱ የኖሩትን ሴቶች ያላየ የከተማዋ ሰው የለም። ጭነት ሞልቶ ተርፏቸዋል። ያልነበራቸው የሚተካ ምግብና የሚያርፉበት ቀን ነው፤ እንዲህ ሲሆን ሸክም ሰውነትን ይበላል እንጂ አይገነባም። ቦርጭ የሌለው ሁሉ ጤነኛ አይደለም፤ ይህን ሳይናገሩ በቦርጭ ብቻ መሳቅ ነውር ነው።

በዚህ መሐል ሁዳዴ ገባ።

ሒሳብ ሠራተኛው በጾመ ነቢያት የዋሸበትን ለመካስ ሃምሳ አምስቱን ቀን ሊጾም ቆርጧል። የሰሙት የቀድሞ የጂም ጓደኞቹ ሐዘን ደረሱ፤ «በሽሮ ጡንቻ? ያለህንም ትጥለዋለህ!» ደግነቱ በዚያው ሰሞን ከዋሽንግተን የመጣ የአጎት ልጅ ከሻንጣው ትራስ የሚያክል ጥቁር ባልዲ አወጣለት። ባልዲው ላይ ክንዱ ከጭንቅላቱ የሚበልጥ ሰው ተሥሏል። ፕሮቲን! እናቱ ባልዲውን አዙራ አዙራ አየችና፣

«ከምን ነው የሚሠራው?» አለች።

«ከወተት... ማለት ወተት አይደለም። አይብ ሲሠራ የሚቀረው ውኃ ነው፣ ደርቆ።»

«አጓት?»

«...አዎ፣ አጓት።»

«አሜሪካ ድረስ አጓት ልታስመጣ!» ብላ ሳቀች። በእሷ አገር አጓት ለጥጃና ለውሻ የሚሰጥ ነው። የፈረንጆቹ አይብ ሠሪዎችም ጉድ ሳይሰሙ በፊት ለዓሣማ ያጠጡት፣ ወንዝ ውስጥ ይደፉት ነበር፤ ውኃውንና ስኳሩን ለይቶ ፕሮቲኑን ማስቀረት ሲቻል ነው በባልዲ የታሸገው። ከአንድ ማንኪያው 20 ግራም ከዚያም በላይ ፕሮቲን ይገኛል፤ ነገሩ ውሸት አይደለም። እናት ግን በአንድ ነገር አልተበገረችም፦ «ከላም የወጣ ሁሉ ፍስክ ነው፤ ዱቄት ስለሆነ አይጾምም።» ባልዲው እስከ ፋሲካ ቁም ሣጥን ላይ ወጣ።

እንግዲህ በሽሮ መዋጋት ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. 49 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ፣ ብረት ለሚሠራ ሰው በቀን በኪሎ 1.6 ግራም ፕሮቲን እንደሚበቃና ከዚያ በላይ ቢጨመር ለጡንቻው ጥቅም እንዳልታየ ደምድሟል። ቀደም ሲል «በቀን ሦስት ግራም» ተብሎ አልነበር? እሱ አዲስ የሚጨመረው ነው፤ ነባሩ ጡንቻ እንደ ጭቃ ቤት ሌት ተቀን እየፈረሰ ስለሚለሰን ለልስኑም ጭቃ ይፈልጋል። ለ77 ኪሎ ሰው 123 ግራም ይደርሳል። ሒሳብ ሠራተኛው ኤክሴል ከፈተ። ደረቅ ምስር 150 ግራም፣ ፕሮቲኑ 37። ሽሮ 100 ግራም፣ 20። የአኩሪ አተር ቆሎ 50 ግራም፣ 18። የእንጀራው የጤፍ ዱቄት 250 ግራም፣ 32። ለውዝ አንድ ጭብጥ፣ 10። ድምሩ 117። ስድስት ግራም ጎደለ። ስድስት ሣንቲም ቢጎድል ቢሮ የሚያመሽ ሰው መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል።

እንጀራና ሽሮ ተጋብተው የኖሩት ያለምክንያት አይደለም። እህል ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል፣ ጥራጥሬ ሞልቶታል፤ ጥራጥሬ ሜቲዮኒን ይጎድለዋል፣ እህል ያበድረዋል። ማንም ላቦራቶሪ ሳይገባ ተሟልቶ ቀርቧል። የብራዚሉ የሳኦ ፓውሎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም 38 ወጣቶችን ወስደው፣ ግማሾቹ ከእንስሳ የሚገኝ ነገር ጨርሶ የማይነኩ፣ ግማሾቹ ሁሉን የሚበሉ፣ ለሁለቱም ያንኑ 1.6 ግራም እያሟሉ 12 ሳምንት አሠሯቸው። አሞላሉ ለአንዱ በአኩሪ አተር፣ ለሌላው በዚያው በአጓት ዱቄት ነበር። የጡንቻው እድገት አልተለያየም። ውጤቱ በ2021 እ.ኤ.አ. ሲወጣ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ቢጠየቁ አይደነቁም ነበር።

ከባዱ ዘይቱ ነበር። የጾም ወጥ ቅቤ ባይኖረውም ዘይት እንዳሻው ይዋኝበታል፤ ቅባት ደግሞ የላምም ይሁን የሱፍ በግራም ዘጠኝ ካሎሪ ነው፣ ጾም ነው፣ ፍስክ ነው አይልም። ልጁ ዘይት በማንኪያ ሲለካ ያየችው እናት «ቤቱ ድርቅ መታው እንዴ?» ብላ ለጎረቤት ተናገረች። ተስማምተው በሦስት ማንኪያ ታረቁ።

ስብ እየቀነሱ ጡንቻ መጨመር ይቻል እንደሆነ የሚጠራጠሩ ብዙ ናቸው፤ ወይ አንዱ ወይ ሌላው ይላሉ። ማክማስተሮች በ2016 እ.ኤ.አ. ወፈር ያሉ 40 ወጣቶችን ምግባቸውን በ40 በመቶ ቀንሰው፣ በሳምንት ስድስት ቀን ላብ አስጠመቋቸው። አራት ሳምንት የፈጀ ቅጣት ነው፤ ማንም እቤቱ እንዳይሞክረው። በኪሎ 2.4 ግራም ፕሮቲን የተሰጣቸው 4.8 ኪሎ ስብ ጥለው፣ ከስብ ውጭ የሆነው ሰውነታቸው 1.2 ኪሎ ጨመረ። ግማሹን ያህል ፕሮቲን ያገኙት 3.5 ኪሎ ስብ ጣሉ፣ ከስብ ውጭ ያለው ግን ባለበት ቆመ። ለብረት አዲስ የሆነና ጎተራው የሞላ ሰው ከጎተራው እያወጣ መገንባት ይችላል። ሒሳብ ሠራተኛችን ሁለቱንም ያሟላል፤ ጎተራውን በገና ሞልቶታል።

አንድ ቀዳዳ ቀርቶ ነበር፣ እንቅልፍ። የአውሮፓ ሻምፒዮኖች ጨዋታ በእኛ ከምሽቱ 5 ሰዓት ይጀምርና ሌሊት 7 ሰዓት አካባቢ ያልቃል፤ ክርክሩ ለብቻው ግማሽ ሰዓት አለው። ጠዋት 12 ሰዓት ደግሞ ታክሲ ሰልፍ። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ አሥር ወፍራም ሰዎችን እኩል እያበሉ አንድ ጊዜ ለ14 ቀን በየሌሊቱ ለ8 ሰዓት ተኩል ያህል፣ ሌላ ጊዜ ለ5 ሰዓት ተኩል ያህል እንዲተኙ አድርገው ነበር። ሁለቱንም ጊዜ የቀነሱት ኪሎ ተቀራራቢ ነው። እንቅልፍ ባጠራቸው ጊዜ ግን የጣሉት ስብ በ55 በመቶ አነሰ፣ የቀረውን የከፈለው ጡንቻ ነው። ጋሼ ይህን ያለ ቺካጎ ያውቁታል፦ «ኳሱን ውጤቱን ጠዋት እነግርሃለሁ፣ ሂድ ተኛ» አሉት። አርሰናል ሲጫወት ግን አልታዘዘም።

ሚያዝያ ላይ ልብስ ሰፊው ዘንድ ተመለሰ። ደብተሩ ተከፈተ፣ ጣት ተላሰ። ክንድ 32። ወገብ 82። ሚዛኑ 72 ብሏል፤ ከጥር አምስት ኪሎ ወርዷል። ሽማግሌው ያንኑ ሱሪ ገልብጠው፣ በጥር የለቀቁትን ስፌት በጥፍራቸው እየነካኩ ብዙ ቆዩ።

«ይሄ ሱሪ እኮ ደከመው» አሉ። «ቆይ፣ ፋሲካን ልለፍና ነው የምሰፋው። አላምንህም።»

አለማመናቸው ልክ ነበር ማለት ይቻላል። ለፋሲካ አክስቱ ቤት ሲደርስ ዶሮው በአሥራ ሁለት ብልቱ፣ እንቁላሉም በአሥራ ሁለት ቁጥሩ ወጥቶ ይጠብቃል። ለዚህ ቀን ብሎ ከእጅጌው ጋር የተጣበቀ ሸሚዝ ለብሷል። አክስት በሩ ላይ ሲያዩት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ውይ ልጄን! ምነው እንዲህ ተጎዳህ? ጾሙ ነው? ሥራው ነው? ታመህ ነው?»

«ኧረ ደህና ነኝ እትዬ። እንዲያውም ይኸው ንኪው» ብሎ ክንዱን አጥፎ አወጠረላቸው። ስምንት ወር የፈጀ ሥራ ነው። አክስት በሁለት ጣታቸው ጫን አደረጉት፤ ፊታቸው ጠቆረ። ደግመው ጫኑት፤ አልገባ አላቸው። ወደ እናቱ ዞሩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ይሄ እብጠት ሐኪም አይቶታል?» አሉ።

እናት መልስ ሳትሰጥ ወደ ጓዳ ገባች። የአጓቱ ባልዲ ዱቄቱ ወደ ሌላ ዕቃ ተገልብጦ፣ ታጥቦ፣ ክንዱ ከጭንቅላቱ የሚበልጠው ሰውዬ ከነፈገግታው ምጥን ሽሮ ተሞልቶ ለእኅቷ በስጦታ መጥቷል። እሷ ባልዲውን ይዛ ስትመለስ፣ አክስት የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልለው፣ ከዶሮው ፈረሰኛ ጋር፣ በሽተኛው አፍ አጠገብ አድርሰዋል። «በአባትህ ነፍስ» ተብሏል።

አፉን ከፈተ።